ተቀባይ ያጣ ዘፈን፤ ስለ ባህል ምግብ ቤቶች የመድረክ ጨዋታ የቀረበ ሂስ

እንግዳ ከማዕድ ተቀምጦ ሳለ በፊቱ ቆሞ የመዝፈን ልማድ የአንድ አገር ብቻ ሀብት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የተከፈተ ኤለንስ ስታርደስት ዳይነር የሚባል ምግብ ቤት አለ። በዚህ ቤት ሳህን የሚያቀርቡት አስተናጋጆች ራሳቸው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ የታወቁ የቲያትር ዘፈኖችን ይዘፍናሉ። በሜክሲኮ ከተማ በጋሪባልዲ አደባባይ ደግሞ ማሪያቺ የሚባሉት ዘፋኞች በየዘፈኑ ዋጋ ተስማምተው፣ እንግዳው የመረጠውን ዘፈን ከፊቱ ቆመው ይጫወቱለታል። ባገራችንም አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ከጠጅ ቤቱ ታዳሚ ፊት ሲቆም ብዙ ዘመን አልፏል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ሰው ይበላል፣ ሰው ይዘፍናል፣ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ። በብሮድዌይ ቤት እንግዳው የሚወስነው ነገር የለም፤ ዘፈኑን የሚመርጠው ቤቱ ነው። በጋሪባልዲ እንግዳው ዘፈኑን ይመርጣል፤ ቃሉን ግን አይነካም። በአዝማሪው ቤት ግን እንግዳው ቃሉን ራሱ ያወጣል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ለሰው የሚዘፈነውን ዘፈን ለመመዘን ዜማውን፣ ልብሱንና የእግሩን አጣጣል ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የሚዘፈንለት ሰው በዘፈኑ ላይ ምን ሥልጣን፣ ከዘፈኑም የተነሣ ምን ግዴታ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሚዛን ለመመዘን ያቀረብነው ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ «የባህል ምግብ ቤት» በሚል ስም የተስፋፋው፣ ከዚያም ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆቴሎችና የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች የወረደው የማታ ጨዋታ ነው። የምንመለከተው ግን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከኩየራ ሆነን ነው። ኩየራ ከአርሲ ነጌሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ በአርሲ ኦሮሞ ምድር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ይህን ቦታ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በምግብ ቤቱ መድረክ ላይ ዘወትር ማታ «የአርሲ ተራ» ይደርሳል፤ እንግዲህ ተራው የማን እንደ ሆነ ለማወቅ የተራው ባለቤት ከሚኖርበት መንደር ሆኖ መመልከት የሚጠቅም ይመስለናል።

አስቀድመን የቤቱን ሥርዐት እንግለጽ። እንደ ዮድ አቢሲኒያ፣ እንደ ቶቶትና እንደ ሁለት ሺህ ሐበሻ ያሉት የአዲስ አበባ ቤቶች አብነት ስለ ሆኑ፣ የሌሎቹም አሠራር ከነሱ ብዙ አይርቅም። እንግዳው ሲገባ በመሶብ ዙሪያ ይቀመጣል፤ አስተናጋጅ ማስታጠቢያ ይዛ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ጠጁ በብርሌ ይቀርባል። ከፊት ለፊት መድረክ አለ። በመድረኩም ላይ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ፣ ብዙ ጊዜም ከነሱ ጋር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ይሰማል። ዘፋኞቹ በማይክሮፎን ይዘፍናሉ። ተወዛዋዦቹ በየተራው ልብስ እየለወጡ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የትግራዩን፣ የጉራጌውን፣ የወላይታውን፣ የኦሮሞውን ጨዋታ ያሳያሉ። ወደ መጨረሻው ከመድረክ ወርደው ከእንግዶቹ አንዳንዱን እጁን ይዘው ያስነሡታል፤ ትከሻውን እንዲሰብቅም ያደርጉታል። ሁሉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ሥዕልም ይነሣል።

የተወዛዋዦቹ ችሎታ የሚናቅ አይደለም። በአንድ ማታ ስምንትና ዐሥር ዐይነት ጨዋታ ከነልብሱ ለውጦ ማቅረብ ብርቱ ልምምድና ጠንካራ ሰውነት ይጠይቃል። እንግዲህ ሂሳችን በነሱ ላይ አይደለም። የምንጠይቀው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዘፈኑ ለማን ተዘፈነ ብለን ነው። ዘፈኑ ለሁሉ ተዘፍኗል፤ ስለዚህም ለማንም አልተዘፈነም። እንግዳው ስሙ አልተጠራም፤ ቃል አልሰጠም፤ ያልወደደውን ቃል የሚመልስበት መንገድም አልነበረውም። እጁን ይዘው ባስነሡት ጊዜ እንኳ የተፈለገው ትከሻው እንጂ አንደበቱ አልነበረም።

ይህ ለምን እንደ ጉድለት እንደሚቆጠር ለመረዳት ወደ ቀድሞው ግብር ቤት መለስ ማለት ያሻል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ግብር በሚበላበት ጊዜ ጠጅ የሚቀዳውና እንጀራ የሚያቀርበው አሳላፊ ይባል ነበር። አሳላፊው የሚያሳልፈው መብልና መጠጥ ነው፤ አዝማሪው ደግሞ ቃልን ያሳልፋል። አዝማሪው ጌታውን ያወድሳል፤ ያልተከፈለ ውለታ ካለ ያስታውሳል፤ በሰምና በወርቅ ሸፍኖም ይነቅፋል። በዚያ አዳራሽ የተሰማ ቃል በማግስቱ በከተማው ይወራ ስለ ነበረ ቃሉ እንደ ጠጁ ጠጥተው የሚረሱት ነገር አልነበረም። ለእያንዳንዱ እንደ ማዕረጉ ሥጋ እንደሚቀርብለት ሁሉ፣ ቃልም እንደ ሰውየው ይቀርብለት ነበር።

ግብሩ ከቀረ በኋላ ይህ ሥርዐት በጠጅ ቤትና በአዝማሪ ቤት ጸንቶ ቆየ። ዋናው ምሶሶውም «ተቀበል» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት። አዝማሪው በዘለሰኛ ወይም በመዲና ጀምሮ ቤቱን ካሰናዳ በኋላ ወደ እንግዶቹ ይጠጋል። እንግዳው «ተቀበል» ይልና ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ከእንግዳው አፍ የተቀበለውን ስንኝ በመሰንቆው አልብሶ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ስንኙ ለወዳጅ ምስጋና፣ ለባላጋራ ዘለፋ፣ ለሴት ልጅ የፍቅር ቃል፣ ለአገር ጉዳይም ምሬት ሊሆን ይችላል። ሌላው እንግዳ ነገሩ እሱን የነካው እንደ ሆነ በበኩሉ «ተቀበል» ብሎ መልሱን ይሰጣል። ገንዘቡም በአዝማሪው ግንባር ላይ እየተለጠፈ በሁሉ ፊት ይሸለማል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው የኃላፊነት አከፋፈል እጅግ የረቀቀ ነው። ቃሉ የእንግዳው ነው፤ ድምፁ ግን የአዝማሪው ነው። የተነካው ሰው አዝማሪውን ልክሰስ ቢል አዝማሪው «ተቀበል ተብዬ ተቀበልሁ» ይላል። እንግዳውን ልክሰስ ቢል ደግሞ ድምፁ የተሰማው ከአዝማሪው አፍ ነው፤ በዚያም ላይ ቃሉ ሁለት ፍች አለው። ስለዚህ በግልጽ ቢነገር ጠብ የሚያስነሣ ነገር በዚህ መንገድ ያለ ጠብ ይነገራል። አሸናፊ ከበደ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ስለ አዝማሪ ባሳተሙት ጥናት አዝማሪውን ባለ ቅኔና ሙዚቀኛ በአንድነት ብለው መሰየማቸው ትክክል ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ባለ ቅኔው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። በአንድ ማታ ከቤቱ የወጣው ቅኔ ሁሉ በአዝማሪውና በታዳሚው መካከል የተሠራ የማኅበር ሥራ ነው።

ተቀባይ ያለው ዘፈን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ጠላትም ተረድቶታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስቱ አገረ ገዥ በቀጣዩ ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮችንና አስማተኞችን ከዘዋሪ ዘፋኞች ጋር በአንድ መዝገብ አስገብቶ የጸጥታ ጠንቅ ናቸው ሲል አስታውቋል፤ እንዲያዙና እንዲጠፉም አድርጓል። ወራሪው የፈራው መሰንቆውን አልነበረም። የፈራው ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት፣ ከገበያ ወደ ገበያ ቃል የሚያሳልፈውን ሰው፣ ከዚያም ጀርባ «ተቀበል» የሚለውን ሕዝብ ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን እንከን የሌለበት አድርገን ለመሣል አይደለም። አዝማሪ ብዙ ጊዜ የተናቀ ሰው ነበር፤ ስሙም እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር፤ ከአዝማሪ ወገን ጋር መጋባት የሚጠየፉ ብዙዎች ነበሩ። ኑሮው ከሚሰጡት ሽልማት የተገኘ ስለ ሆነ ባለጠጋውን ያለ ልክ ያወድሳል፤ ኪሱ የሳሳውን ደግሞ በዘለፋ ያሳፍራል። ደመወዝ የሚቆርጥለት የምግብ ቤት መድረክ ከዚህ ሁሉ አውጥቶታል፤ በክብር ስሙ ተጠርቶም እንዲጨበጨብለት አድርጎታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን አዝማሪው ከውርደቱ በወጣ ጊዜ እንግዳው ከሥልጣኑ ወጣ። የመጀመሪያው እንዲሆን ሁለተኛው የግድ መሆን ነበረበትን? እኛ አይመስለንም።

ዘፈንና ተቀባዩ የተለያዩት በምግብ ቤት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ፣ የአማርኛ ዘፈን የሚቀበለው ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ለመሣሪያ ተዘፈነ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ዘፈኑ ለሕዝብ ሁሉ የሚናገር የመድረክ ቃል ሆነ፤ ጠላት በደጅ ቆሞ ስለ ነበረ ይህ አስፈላጊ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ሲከፈት ተመልካቹ በረድፍ በተሰለፈ ወንበር ላይ ፊቱን ወደ መድረክ አድርጎ መቀመጥን ተማረ።

በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ መሣሪያዎች፣ ቀድሞ አብረው ተጫውተው የማያውቁ፣ በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ማኅበሩን በኋላ የመሩት ተስፋዬ ለማ ለብዙ ተጫዋቾች ስምና ቦታ አስገኝተዋል። ከዚያም በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የብሔረሰቦችን ጨዋታ ተራ በተራ፣ ልብስ በመለወጥ ማቅረብን በትልቅ መድረክ አሳየ። የዛሬው ምግብ ቤት ሥርዐቱን የወረሰው ከአዝማሪ ቤት ሳይሆን ከዚህ መድረክ እንደ ሆነ በግልጽ ይታያል። መሶቡ የግብር ቤት ነው፤ ጨዋታው ግን የኪነት ቡድን ነው። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ቢገኙም አልተጋቡም።

የአዝማሪ ቤት ግን በዚህ ሁሉ መካከል አልጠፋም። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ካበቃ በኋላ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዲስ አበባ በካዛንቺስና በሌሎችም ሠፈሮች እንደገና ተስፋፋ። ከነዚህም ፈንድቃ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ መሪነት ከአገር ውጭ ሳይቀር የታወቀ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መንደሮች ለከተማ መልሶ ግንባታ ሲፈርሱ እነዚህ ቤቶች ቦታቸውን አጡ። የቤት ግድግዳ ቢፈርስ ሌላ ግድግዳ ይሠራል። የጠጅ ቤቱ ጥበት ግን፣ ይኸውም ዘፋኙ ከእንግዳው ጉልበት አጠገብ የሚቆምበት፣ ያለ ማይክሮፎንም የሚደማመጡበት መጠን፣ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። «ተቀበል» ለማለት እንግዳውና ዘፋኙ በአፍ የሚደማመጡ መሆን አለባቸውና።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ አማርኛው ዘፈን ነው። አሁን ደግሞ ወደ ኩየራና ወደ አርሲው ተራ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት ይበልጥ የሚታየው በዚህ ነውና። በመድረኩ ላይ የአርሲ ተራ ሲደርስ ልጃገረዶች በዶቃና በዛጎል ያጌጠ የቆዳ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፤ አንገታቸውንና ጠጕራቸውን በፍጥነት ያዞራሉ፤ አዳራሹም ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጊዜ ያጨበጭባል። አንዳንድ ጊዜም ቀጭን በትር በእጃቸው ይይዛሉ። ተመልካቹ በትሩን እንደ ጌጥ ያየዋል። በአርሲ መንደር ግን ይህ በትር ጌጥ አይደለም።

በትሩ ሲንቄ ይባላል። ለልጅቷ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የሚሰጣት ነው፤ የሚይዘውም ያገባች ሴት እንጂ ልጃገረድ አይደለችም። ሁለት ወገኖች ለጠብ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከላቸው ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። ባል ሚስቱን ከልክ በላይ ቢበድል፣ ይልቁንም ከወለደች በኋላ ቀነፋ የሚባለውን በግንባሯ ላይ አድርጋ ሳለች ቢመታት፣ እሷ ትጮኻለች፤ ጩኸቷን የሰሙ የመንደሩ ሴቶችም ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ትተው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወደ በዳዩም ደጅ እየዘፈኑ ይሄዳሉ። አቴቴ የሚባለው የሴቶቹ ሥርዐት በዚህ ጊዜ ፍርድ ይሆናል። ሽማግሌዎች ይለምናሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ከብት ይክሳል፤ ሴቶቹ ከተቀበሉት ይመርቁታል፤ ካልተቀበሉት ግን እርግማናቸው ይፈራል። ማሪት ኦስተቦ ስለ አርሲ ኦሮሞ በጻፉት ጥናት እንዳስረዱት፣ ሴቲቱና ሲንቄዋ ወዩ ናቸው፤ ይኸውም የተከበሩና የማይደፈሩ ማለት ነው።

አንባቢ ይህን ከላይ ከተናገርነው ጋር ያስተያየው። በብሮድዌይ ቤት እንግዳው ምንም አይወስንም፤ በጋሪባልዲ ዘፈኑን ይመርጣል፤ በአዝማሪ ቤት ቃሉን ያወጣል። በአርሲ ደጅ ግን የሚዘፈንለት ሰው ዘፈኑን አልመረጠም፤ ቃሉንም አላወጣም፤ ነገር ግን በሥራ መመለስ አለበት። ዘፈኑ የሚያልቀው ዘፋኞቹ ሲደክማቸው ወይም ሰዓቱ ሲሞላ ሳይሆን ተቀባዩ ካሳ ሲከፍል ነው። እንግዲህ ተቀባይ ያለው ዘፈን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሕግ ይሆናል። ከዚህ ዘፈን ተቀባዩን ብታወጣው የሚቀረው ዜማና ልብስ ነው። ምግብ ቤቱ ያቀረበውም ይህን የቀረውን ነው።

ጕዳቱ ምንድን ነው? በሌላ ተራ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ጕዳቱ ትንሽ ነው ለማለት ይቻል ይሆናል። የመከር ዘፈን በአዳራሽ ቢዘፈን መከሩ አይቀርም። የሲንቄ ነገር ግን የተለየ ነው። ሥርዐቱ በየቦታው እየሳሳ መጥቷል፤ የሃይማኖት መምህራን ከአሮጌው እምነት ጋር የተያያዘ ነው ብለው የነቀፉት አለ፤ የመንግሥት ፍርድ ቤትና ፖሊስም ብዙውን ሥራ ወስደዋል። ስሙ በሌላ በኩል እጅግ ገንኗል፤ የባንክ ስም እስከ መሆን ደርሷል። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የገዳን ሥርዐት በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህም ስለ ኦሮሞ ሥርዐቶች የሚነገረው በዝቷል። እንግዲህ ስሙ በሚገንበት፣ ሥራው ግን በሚሳሳበት በዚህ ጊዜ፣ በከተማ የሚያድግ የአርሲ ልጅ ሲንቄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በመድረክ ላይ፣ በልጃገረድ እጅ፣ በጭብጨባ መካከል ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ኋላ አድጎ ባል ሲሆን በትሩን የሚያውቀው የሚጨበጨብለት ነገር አድርጎ ነው፤ የሚመልስለት ነገር መሆኑን አያውቅም። በዚህ የሚጎዳው ቅርስ የተባለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ነገ በደጇ ጮኻ የምትጣራው ሴት ናት።

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚገባቸው ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ምግብ ቤት የንግድ ቤት ነው፤ እንግዳው ሊበላና ሊደሰት እንጂ ሊከሰስ አልመጣም፤ ከእንግዶቹም ብዙዎቹ ቋንቋውን የማይሰሙ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። እኛም አቴቴ ወደ ምግብ ቤት ይግባ አላልንም፤ እንዲያውም የምንለው ተቃራኒውን ነው። ተቀባዩን ይዞ ሊገባ የማይችል ዘፈን ወደ አዳራሹ ባይገባ ይሻላል። አርሲ ለደስታ የሚዘፈን፣ በሠርግና በወጣቶች ጨዋታ የሚሰማ ብዙ ዘፈን አለው፤ ከዚያ መርጦ ማቅረብ ይቻላል። በትሩ ግን በቤቱ ይቆይ። የውጭ አገሩ እንግዳም ቢሆን ቋንቋውን አለማወቁ የአገሩን ሰው ከቃል ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ከባድ ነው። ይኸውም ባህል ይለወጣል፤ የግብሩ አዝማሪ ወደ ጠጅ ቤት ሲገባ እንደ ተለወጠ ሁሉ ዛሬም ወደ መድረክ ሲወጣ ይለወጣል፤ ምሁሩ የቀድሞውን ብቻ እውነተኛ አድርጎ ለምን ይፈርዳል? የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን፣ የምንመዝነው በአሮጌነቱ አይደለም የሚል ነው። ከግብር ቤት ወደ ጠጅ ቤት በተዛወረ ጊዜ አዝማሪው ብዙ ነገር ለውጧል፤ ቃል ማሳለፉን ግን አልተወም። እንዲያውም በግብር ቤት ለጌታው ብቻ የነበረው የመቀበል ሥልጣን በጠጅ ቤት የብርሌ ዋጋ ላለው ሁሉ ሆነ። ይህ ለውጥ ነበር፤ የሰፋ ለውጥ። የመድረኩ ለውጥ ግን ሥልጣኑን ከሁሉ ወሰደ፤ ስለዚህም የጠበበ ለውጥ ነው። ለውጥን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ነገሩን ከመመርመር ያሰንፋል።

ይህ ሲባል ምግብ ቤቶቹ ሊያደርጉት የማይችሉትን እንዲያደርጉ መጠየቅ አይደለም። አዳራሹ ሰፊ ከሆነ በአንድ ጥግ ያለ ማይክሮፎን አንድ ባለ መሰንቆ ወይም አንድ ጥንድ ዘፋኝ በጠረጴዛዎቹ መካከል እንዲዘዋወር ማድረግ አያስቸግርም፤ እንግዳውም «ተቀበል» እንዲል ይፈቀድለት። በአዳማ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ ያለው ታዳሚ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ስንኙ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሲዳምኛም ቢወጣ ጨዋታው ይደምቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። እንዲያውም ስምጥ ሸለቆ በዚህ ከአዲስ አበባ ልትቀድም ትችላለች። በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ቋንቋ የሚሰማበት አገር፣ ሦስት ቋንቋ የሚቀበል ዘፋኝ ሊያፈራ ይገባዋልና። ለዘፋኙም ደመወዙ አይቅርበት፤ ሽልማቱ በደመወዙ ላይ ይጨመርለት እንጂ ኑሮው በሽልማቱ ብቻ አይመሥረት። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ የቀድሞው ውርደት ሳይመለስ የቀድሞው ሥልጣን ይመለሳል።

በመጨረሻ ነገሩ ለንግድ ቤቶች ብቻ የሚተው አይደለም፤ እኛንም አጥኚዎቹን ይነካናል። መድረኩ ዘፈንን ከተቀባዩ እንደ ለየ ሁሉ መዝገባችንም ለይቶታል። በየቤተ መጻሕፍቱ ከተቀመጠው የድምፅ ክምችት ብዙው የዘፋኙን ስም፣ የመሣሪያውን ዐይነትና የአገሩን ስም ይዟል። ዘፈኑ ለማን እንደ ተዘፈነ፣ ማን «ተቀበል» እንዳለ፣ ምን እንደ ተከፈለ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተደረገ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ከዚህ የተነሣ የኋላ ዘመን ተማሪ ዜማውን ያገኛል፤ ነገሩን አያገኝም። ምግብ ቤቱን በዚህ ከመውቀሳችን በፊት በራሳችን መዝገብ ላይ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጨመር ይገባናል።

በኩየራና ባካባቢዋ ለጥናት የሚሰማሩ ተማሪዎች ይህን ሥራ ቢጀምሩት ጊዜው ገና አላለፈም። በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ ዙሪያ ባሉ ገበሬ ማኅበራት ሲንቄ ይዘው የወጡ፣ በደጅ የዘፈኑ፣ ካሳ ተቀብለው የመረቁ እናቶች ዛሬም ይገኛሉ። ተማሪው ወደነሱ ሲሄድ ግጥሙን ብቻ ለመጻፍ አይቸኩል፤ ዘፈኑ የማን በደል እንደ ነበረ፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ማን ሽማግሌ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተከፈለ፣ ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደ ኖሩ ይጠይቅ። የሰዎቹን ስም በመዝገቡ ሰውሮ ነገሩን ግን ሙሉ አድርጎ ይጻፍ። እንዲህ ያለ መዝገብ በእጃችን ሲኖር የምግብ ቤቱ ባለቤት በትሩን ወደ መድረክ ለማውጣት ባሰበ ጊዜ «ይህ የሚያስጨበጭብ ሳይሆን የሚያስከፍል ነው» ብለን በማስረጃ ልንነግረው እንችላለን።